የአባዬ ባለሁለት ወንበር

ሻርጃ፣ መስከረም 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለሱሀይላ ሱሌማን፤

አሰላሙ አለይኪ ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ጤናሽን ያብዛው፣ ጉልበትሽን ያጽናው፣ ከቤትሽም በረካ አይጉደል። እኔ አልሀምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ሙቀቱም ጋብ ብሎልናል። በስልክ «ይሰማል? ይሰማል?» ስንባባል ሂሳቡ ስለሚያልቅ፣ ይህን በወረቀት ጽፌ ወደ አገር በምትገባው በሸሪፋ እጅ ሰድጄልሻለሁ። ሸሪፋን አትረሺያትም፤ የጎረቤታችን ልጅ ናት፣ ቦርከና ዳር የነበሩት።

እታለም፣ ባለፈው ሳምንት አንድ ነገር ገጠመኝ። እኔ ቀለም የምቀባበት ጋራዥ ሀብታሞች የድሮ መኪና እያመጡ የሚያሳድሱበት ነው። አንዱ ዐረብ አንዲት ትንሽ ፊያት አስጭኖ መጣ። ሁለት ወንበር፣ ጣሪያዋ ሸራ፣ ሞተሯ ከኋላ። የአባዬ መኪና ቁርጥ! ቀለሟ ብቻ ቀይ ነው። አለቃዬ ለምሳ ሲወጣ በሩን ከፍቼ በስተቀኝ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ፤ ላንቺ ምን እደብቃለሁ። አርባ አምስት ዓመቴ ነው፣ ጺሜ ሸብቷል፣ እዚያ ወንበር ላይ ግን እግሬ ወለሉን አልነካ ያለ መሰለኝ።

ታስታውሻለሽ? ፈረንጁ መሐንዲስ የፋብሪካውን ማሽን ተክሎ ሲጨርስ ለሾፌሩ ለአባዬ ትቶለት የሄዳትን? አባዬ በእረፍት ቀኑ፣ ሰኞ ሰኞ፣ ደሴ ሲወስደን? ሐረጎ ዳገት ላይ ሸራውን ወደ ኋላ ሲያጥፈው ንፋሱ ጆሯችንን ሲያደነቁረው፣ ኮምቦልቻ ከሥራችን እያነሰች ስትሄድ፣ ሰኞ ገበያ ስንደርስ ደግሞ ሰው ሁሉ ሲከበን። ትዝ ይልሻል ያ ሁሉ?

አሁን ልለምንሽ ነው። አባዬ የሸጣት ሰኞ ገበያ መጋዘን ለነበረው ለእህል ነጋዴው ለሰማኸኝ ነበር። ካለች ፈልጊልኝ። ገዝተን እንደ ጥንቷ እናድርጋት። ለዒድ አልፈጥር እገባለሁ ኢንሻአላህ፤ አስራ ዘጠኝ ዓመት ይበቃኛል። አባዬን ሳልቀብር ቀርቻለሁ። ቢያንስ በገዛ መኪናው መቃብሩ ድረስ ልሂድ።

ወንድምሽ ሙንዚር


ኮምቦልቻ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሙንዚር፤

ወአለይከ ሰላም ወረህመቱላህ። ያሳደገህ ጌታ አይጣልህ፣ የሰው አገር አይክበድህ። ሸሪፋ ደብዳቤህን ከሽቶውና ከቴምሩ ጋር በደህና አድርሳልኛለች። ሽቶው ኃይለኛ ነው፤ አንድ ጊዜ ነካ አድርጌ ፋብሪካ ብገባ የሸማኔ ክፍሉ በሙሉ «ሙሽራዋ መጣች» ብሎ ሳቀብኝ።

ለአፍ ዳገት የለውም ይላሉ። አንተ ሻርጃ ተቀምጠህ «ሰኞ ገበያ ፈልጊልኝ» ትላለህ። የዛሬው ሰኞ ገበያ አንተ የምታውቀው አይደለም፤ ሰው ከሰው ትከሻ ጋር ተጣብቆ ነው የሚሄደው። ሦስት ጊዜ ወጥቼ ወረድኩ። በሁለተኛው አንዲት በርበሬ ሻጭ «ሰማኸኝ እኮ ሞተ» አለችኝ፣ ተመለስኩ። ለካ የሞተው ሌላ ሰማኸኝ ነው። በሦስተኛው ራሳቸውን አገኘኋቸው፤ መጋዘናቸው በር ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«የሾፌሩ የሱሌማን ልጅ ነኝ» አልኳቸው።

«ሱሌማን! አቤት የዚያ ሰው ሳቅ! አብሮት ይመጣ የነበረው ልጅስ?»

«አረብ አገር ነው።»

ትክ ብለው አዩኝና «አንቺን ግን አላውቅሽም» አሉኝ። አያውቁኝም አልኳቸው።

መኪናዋ አለች። ከመጋዘኑ ጥግ፣ ከባዶ ጆንያ ሥር። ሸራዋ ተበልቶ አልቋል፣ ጎማዎቿ መሬት ላይ ተኝተዋል፣ በቀኙ ወንበር ላይ አንዲት ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች። «ስንቴ ለቁራሌው ልሰጣት ብዬ ነበር» አሉ ጋሽ ሰማኸኝ፤ «ባለቤቴ ‹ዶሮዎቼ የት ሊያድሩ ነው?› እያለች ታስቀረኛለች።» ስንከራከር ዋልን። መጀመሪያ የጠሩትን ዋጋ ስሰማ ዶሮዋንም ጨምረው ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ሲስቁ ቀነሱልኝ። የተስማማንበትን በስልክ አስጽፌልሃለሁ። ሊብሬውም አለ፤ ጠርዙን አይጥ ቀምሶታል እንጂ ቁጥሩ ይነበባል። ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉ ግን አንወስዳትም ብለን ተማምለናል።

ስለ ንፋሱ ለጠየቅኸኝ ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ። ሺፍት ደርሶብኛል።

እህትህ ሱሀይላ


ሻርጃ፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማትሰለቸኝ እህቴ፤

አሰላሙ አለይኪ። አላህ እንዳስደሰትሽኝ ያስደስትሽ፤ የምትረግጪው መሬት ይለምልምልሽ። ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አነበብኩት። የዶሮዋን ነገር ለጓደኞቼ ስነግራቸው ሲስቁ ዋሉ፤ እኔ ግን ያቺ ዶሮ የተቀመጠችው የእኔ ቦታ ላይ ነው ብዬ ቀናሁ።

ገንዘቡን ልኬያለሁ። ካርቡራተር፣ የፍሬን ቦምባና የበር ጎማ ከጣሊያን አስመጥቼ በካርቶን አሽጌ ሰጥቻለሁ፤ ጣሀ የሚባል የሐርቡ ልጅ ያደርስልሻል። ካርቶኑ ውስጥ መዳፍ የምታክል ላሜራ አለች፤ ቀለሙን ራሴ ቀላቅዬ የቀባኋት ናት። ከስንት ሙከራ በኋላ ነው የመጣልኝ። ቀለም ቀላቃዩ ከእሷ ጋር ያመሳስል። ቢጫው የሎሚ እንዳይሆን፣ የእርድ ነው። ፀሐይ ላይ አውጥተሽ እይው።

አንድ አደራ አለኝ። ምንም ነገር አይጨመር፣ ምንም ነገር አይቀነስ። እዚህ የማያቸው ሰዎች ትልቅ ጎማ ይገጥማሉ፣ ድምፅ ያስጮሃሉ፣ መኪናዋ የሷ የነበረውን መልክ ታጣለች። እኔ የምፈልገው አባዬ ያስነሳት የነበረችውን ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ብቀመጥ አጠገቤ ያለ እስኪመስለኝ።

ሙንዚር


ኮምቦልቻ፣ ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሙንዚር፤

አላህ በሰላም ያኑርህ፣ ከክፉ ዓይን ይጠብቅህ። ስለዘገየሁ ይቅር በለኝ። ፋብሪካው ክር ገብቶለት በሙሉ ኃይሉ እየሠራ ነው፤ እኔም ጉልበቴን እያመመኝ ነበር፣ አሁን ተሽሎኛል።

መኪናህን በአይሱዙ ጭነን አወረድናት። ከደረቅ ወደቡ የሚወጡት ተሳቢዎች ሐረጎ ላይ ቆመው መንገድ ስለዘጉ ግማሽ ቀን ፈጀብን። ሾፌሮቹ እየወረዱ «እናቷ የት ቀረች?» ይሉኛል። እኔም ባለቤቷ ሻርጃ ነው ያለው አልኳቸው። ኮምቦልቻ ስንደርስ ልጅ አዋቂው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ለአያ ሀፊዝ ሰጠኋት። አያ ሀፊዝ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲሠራ ኖሮ አሁን ለባጃጅ የወረደ ሰው ነው፤ እጁ ግን ወርቅ ነው። የላክኸው ሁሉ ገጠመ። በሁለት ወሩ ተነሳች። ድምጿን ስሰማ ከቤት ያለ ጫማ ነው የወጣሁት።

በግ ታርዶ ዱዓ ተደረገ። ሼህ ዘይኑልአቢዲን «ያ ረቢ፣ የምትጭነውን ሰው አብዛላት» አሉ። ጀመዓው አሚን ብሎ ሳይጨርስ አንዱ «ሼሃችን፣ እሷ የምትጭነው ሁለት ሰው ብቻ ነው» አላቸው። ሼሁ ደነገጡ። «ታዲያ ሦስተኛውን መንገድ ላይ ልትጥሉት ነው?» አሉ።

እንግዲህ አትቆጣ። አያ ሀፊዝ ይህን ሰምቶ፣ ደግሞም የኋላ ወንበሯን ሌባ ወስዶታል ብሎ ስላሰበ፣ ከባጃጅ የወለቀ አግዳሚ ወንበር አሳጥሮ ከኋላ በየደላት። እኔ ከሥራ ስመለስ አልቆ ነው የደረስኩት። ለአንድ ሰው ይበቃል፤ ቀጭን ከሆኑ ለሁለት። ሸራው የሚታጠፍበት ቦታ ስለተያዘ ጣሪያዋ ወይ ይዘጋል ወይ ቤት ይቀራል። ለወንበሩ ልባስ የሚሆን ጥሩ ቆዳ ካገኘህ ላክልኝ።

መንጃ ፈቃድ እየተማርኩ ነው። አትሳቅ። ቆማ ከዋለች ባትሪዋ ይሞታል አሉኝ።

ሱሀይላ


ሻርጃ፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሱሀይላ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ረመዷን ነው፤ ተቆጥቼ መጻፍ አልነበረብኝም፣ ግን ቆዳ ላክልኝ ስትዪኝ አልቻልኩም።

አንድ ነገር ነው የለመንኩሽ። አይጨመር፣ አይቀነስ አልኩ። የባጃጅ ወንበር! በዚያች መኪና ላይ! ጎኗ እንዳይጎዳ ብየዳውን ቀስ አድርጎ ያውጣውና እንደነበረች ይመልሳት። እኔ የማስታውሳት መኪና ሁለት ወንበር ነው ያላት። አባዬ ቢያይ ምን ይል ነበር? ጥሎልኝ የሄደው ትዝታ እሱ ብቻ ነው፤ እሱንም ባጃጅ አደረጋችሁት።

ለዒዱ ፈቃድ አልተሰጠኝም። ለአረፋ እሞክራለሁ። ወንበሩ መውጣቱን ጻፊልኝ።

ሙንዚር


ኮምቦልቻ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሙንዚር፤

ጾምህን አላህ ይቀበልህ። ዒዱን እንደምንም አሳለፍነው። ደብዳቤህን ካነበብኩ ወር አልፎታል፤ መልስ ልጽፍ እየተቀመጥኩ ተነስቻለሁ።

በመጀመሪያ፣ በሐሜት የአያ ሀፊዝን ሥጋ አልበላም። ወንበሩን ያሠራሁት እኔ ነኝ። ሌባ ያልኩህ ውሸት ነው። እሱማ «ይቺ መኪና እንዲህ ሆና ነው የተፈጠረችው፣ ተይ» ብሎኝ ነበር። የሼሁን ቃል ግን ሰምቼ ልተወው አልቻልኩም። በሁለተኛው ቀን ሄጄ ሥራልኝ አልኩት።

በመስከረም «አባዬ ደሴ ሲወስደን» ብለህ ጻፍክልኝ። ሙንዚር፣ አባዬ የወሰደው አንተን ነው። እኔ በዚያች መኪና አንድ ቀን እንኳ ተቀምጬ አላውቅም። «ሁለት ወንበር ሁለት ሰው ነው፤ ፈረንጁ አስጠንቅቆኛል» ይል ነበር አባዬ፣ አላህ ይርሀመው። ሁለተኛው ሰው ሁልጊዜ ወንዱ ልጅ ነበር። እኔና እማዬ በአውቶቡስ ነበር የምንወጣው፤ ወንበር ከጠፋ ቆመን። ሐረጎ ላይ ቢጫዋ መኪና ስታልፈን አንተ እጅህን ታውለበልብልን ነበር። አውቶቡሱ ሙሉ ሰው «ምን ያማረ ልጅ!» ይላል። እኔም የኔ ወንድም ነው እላለሁ፣ በኩራት። ውስጤ ግን ይቃጠል ነበር፣ ምን እዋሽሃለሁ።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ አባዬ «በሚቀጥለው ሰኞ ያንቺ ተራ ነው» አለኝ። እሁድ ዕለት እማዬ ጸጉሬን ሠርታ ቅቤ ቀባችኝ። የዒድ ቀሚሴን ለብሼ በር ላይ ቆምኩ። ያን ጠዋት አንተን ሆድህን አመመህ። መሬት ላይ ተንከባለልክ። አባዬ ሐኪም ቤት ላድርሰው ብሎ አንስቶህ በእኔ ቦታ አስቀመጠህና በረረ። ሌላ ተራ አልመጣም። እኔም አልጠየቅኩም፤ የታመመ ልጅ ላይ እንዴት ይቀናል?

ስለዚህ የንፋሱን ነገር ስትጠይቀኝ የምልህ ስላጣሁ ነው ዝም ያልኩት። ላንተ ትዝታህ ሁለት ወንበር ነው። ያቺ መኪና እንደነበረችው ከሆነች እኔ ዛሬም ደጅ ላይ ነኝ። የምታዘው ግን አንተ ነህ፤ ገንዘቡም ያንተ ነው። አውጪው ካልከኝ አስወጣዋለሁ።

ሱሀይላ


ሻርጃ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፤

ሰላምታ ሳላቀርብ ስለጀመርኩ አውፍ በይኝ። መንገደኛ መጠበቅ ስላልቻልኩ ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ነው የምልክልሽ።

ያን ሰኞ ሆዴን አላመመኝም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እኔ ወግቼም አልረሳሁም። በር ላይ ቆመሽ ቀሚስሽን ስታስተካክዪ አየሁሽና መኪናዋ ከእጄ የወጣች መሰለኝ። ሰባት ዓመቴ ነበር። ተንከባለልኩ። ከከተማ ወጥተን ዳገቱን ስንጀምር ግን ብስኩት የምትሸጥ ሴት አየሁና «አባዬ ግዛልኝ» አልኩት። አባዬ መኪናዋን ዳር አቆመ። ብዙ ጊዜ አየኝ። አልመታኝም። መሪውን አዙሮ ሊመለስ ሲል ጮኼ አለቀስኩ፤ «ውሸታም ትለኛለች» አልኩት። ቆየና «እሺ፣ ዛሬ እንሂድ። ግን ራስህ ትነግራታለህ፤ እኔ አልነግራትም» አለኝ። ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ፣ ከሰኞ ሰኞ፣ መኪና ውስጥ ስገባ «ነገርካት?» ይለኝ ነበር። እኔም ነገ እለዋለሁ። ተራሽን ያልሰጠሽ እስክነግርሽ እየጠበቀ ይመስለኛል። አንድ ቀን መጠየቁን ተወው።

በሞተ ጊዜ ከሥራ አንለቅህም ስላሉኝ ነው የቀረሁት ብዬሻለሁ። እሱም እውነት ነው። ግን ለመቃብሩ ምን እለዋለሁ ብዬም ፈርቻለሁ። «ሲወስደን» ብዬ የጻፍኩት አውቄ አይደለም፤ እንዲያ ሆኖ ነው በልቤ የተቀመጠው። አንቺ ሳትኖሪ ብቻዬን ነበርኩ ብዬ ካስታወስኩማ ያ ውሸቴም አብሮ ይመጣብኛል።

ወንበሩ አይውጣ። እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ።

ሙንዚር


ኮምቦልቻ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሙንዚር፤

አሰላሙ አለይከ። አላህ ልብህን ያሳርፍልህ፣ መመለሻህን ያቅናልህ።

ደብዳቤህን አንብቤ ሦስት ቀን ተቆጥቼ ከረምኩ። ባንተ አይደለም የተናደድኩት፤ ያንተስ የልጅ ነገር ነው። በአባዬ ነው። ልጁ ይናገር እያለ ሲጠብቅ እኔ አደግሁ። በአራተኛው ቀን ተነስቼ አለቀስኩና ወጣልኝ። ለሁለታችሁም አውፍ ብያለሁ፤ ለእሱም ዱዓ አድርጌለታለሁ።

ወንበሩ ግን ወጥቷል። አንተን ሰምቼ አይደለም። ለቦሎ ምርመራ ወስጃት መርማሪው ሊብሬውን ገልጦ «እዚህ ላይ የተጻፈው ሁለት ሰው ነው። ይሄ ሦስተኛው ማነው?» አለኝ። እኔ ነኝ ልለው አማረኝ። ሕግ ነው፣ ካልወጣ አላልፍም አለ። አያ ሀፊዝ በግማሽ ቀን ፈታው፤ ብየዳው ያረፈበትን ባንተ ላሜራ አስመስሎ ቀባው፣ አይለይም። ሸራውም አሁን ይታጠፋል። አግዳሚውን ደጄ ላይ አድርጌዋለሁ፣ እሱ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ።

መንጃ ፈቃዴን አገኘሁ። በአርባ ሰባት ዓመቴ! ትናንት ሰኞ ነበር፤ ከፋብሪካ ፈቃድ ወስጄ ብቻዬን ወደ ደሴ ወጣሁ። ሐረጎ መጀመሪያው ጥምዝ ላይ ሞተሩ ጠፋብኝ። ከኋላዬ ያለው ተሳቢ ጡሩንባውን ሲነፋ ቢስሚላህ ብዬ አስነሳኋት። ሁለተኛው ላይ ማርሹን ተሳሳትኩ። ከዚያ በኋላ ግን እሷም እኔም ተግባባን። ሸራውን አጥፌው ነበር። ሻሼ ወልቆ አንገቴ ላይ ቀረ። ንፋሱን አሁን አወቅኩት ሙንዚር፤ ጆሮን ያደነቁራል ያልከው ትክክል ነው፣ ዓይንን እንደሚያስለቅስ ግን አልነገርከኝም። ከላይ ሆኜ ኮምቦልቻን አየኋት። ጮክ ብዬ ሳቅሁ፤ አላፊው ሁሉ አብዳለች ብሎኛል።

ዳገቱ ላይ አንዲት አሮጊት ዘንቢል ይዘው ቆመው ነበር። ቆምኩላቸው። «ልጄ፣ ቦታ አለሽ?» አሉኝ። አለኝ እማማ፣ ይግቡ አልኳቸው። እስከ ሰኞ ገበያ ሲመርቁኝ ወጡ። ስወርድ ደግሞ ለሌላ ሰው ቆምኩ። ለሼሁም ነገርኳቸው፤ አንድ አንድ እያልኩ አበዛዋለሁ ብያቸዋለሁ።

መቃብሩ ዘንድ አልሄድኩም። እሱን አብረን ነው የምንሄደው፤ የምትለውንም እዚያ ትለዋለህ፣ እኔ ከጎንህ እቆማለሁ። ለአረፋ ና። እሞክራለሁ አትበለኝ፣ ና። ኮምቦልቻ ኤርፖርት በር ላይ ሸራዋን አጥፌ እጠብቅሃለሁ። ሻንጣህን ከፊት እንጭነዋለን፣ አንተ በስተቀኝ ትገባለህ። የምነዳው እኔ ነኝ።

እህትህ ሱሀይላ ሱሌማን